«ሜዲካል ወደቀ»፤ ከዓይን ማዝ እስከ ስኳር

ንፋስ መውጫ ላይ ዲቪ እንደ ክረምትና እንደ በጋ ራሱን የቻለ ወቅት የነበረበት ዘመን ነበር፡፡ ጥቅምት ሲገባ ፎቶ ቤቶች ነጭ ጨርቃቸውን አጥበው ይሰቅላሉ፤ ኮምፒውተር ያለው ሁሉ «ዲቪ እንሞላለን» የሚል ወረቀት በሩ ላይ ይለጥፋል፤ ከገጠር ለገበያ የመጣ ጎረምሳ እንኳን እህሉን ሸጦ ፎቶ ሳይነሳ አይመለስም፡፡ ግንቦት ላይ ደግሞ ወሬው ይመጣል፡፡ «እገሌ ደረሰው!» እልል ይባላል፡፡ ከዚያ ጥቂት ወራት ጸጥ ይላል፡፡ ከዚያ ሌላ ወሬ ይከተላል፤ ይኼኛው ግን በሹክሹክታ ነው፡፡ «ሰማሽ? ሜዲካል ወደቀ እኮ!»

እናንተዬ፣ ይህች ባለ ሁለት ቃል ዐረፍተ ነገር ስንት እጮኝነት እንዳፈረሰች ቤት ይቁጠረው፡፡ ሜዲካል የወደቀን ሰው «ምን አገኙብህ?» ብሎ የሚጠይቀው የለም፡፡ ሁሉም መልሱን ያውቀዋል፤ ወይም የሚያውቀው ይመስለዋል፡፡ «ደሙ ነው» ይባላል፡፡ አለቀ፡፡ ሰውየው ምናልባት ራጁ ላይ አንዲት ጠባሳ ታይታ፣ አክታው ተመርምሮ ውጤቱ እስኪመጣ ጊዜው አልቆበት ይሆናል፡፡ ምናልባትም የወደቀው በሕክምናው ሳይሆን በሌላ ሰነድ ነው፡፡ ማን ይሰማዋል?

ዛሬ ላነሳ የፈለግሁት ይህ «መውደቅ» የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣ ነው፡፡ ታሪኩን ወደ ኋላ ስትከተሉት አንድ ነገር እየጠራ ይመጣል፤ በር ላይ የሚሰቀለው የበሽታ ዝርዝር፣ ስለ በሽታው ከሚነግረን ይልቅ ዝርዝሩን ያወጣው አገር በዚያ ዘመን ምን ይፈራ እንደነበር የሚነግረን ይበልጣል፡፡ ፍርሃቱ ሲቀየር ዝርዝሩም ይቀየራል፡፡ የእኛ ሹክሹክታ ግን የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን «ዓ.ም.» ብዬ እለያለሁ፡፡)

ከኒውዮርክ ወደብ አጠገብ ኤሊስ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች፡፡ ከ1892 ጀምሮ ከአውሮፓ በመርከብ ወደ ኒውዮርክ የሚመጣ ድኻ ስደተኛ የሚገባው በእሷ በኩል ነበር፡፡ ድኻ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም፡፡ የአንደኛና የሁለተኛ ማዕረግ ተሳፋሪ እዚያው መርከቡ ላይ ለወጉ ያህል ታይቶ ይወርዳል፤ ወደ ደሴቲቱ ተወስዶ የሚሰለፈው የሦስተኛ ማዕረጉ ነው፡፡ ሐኪሞቹ ሰዉ ጓዙን ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ቆመው ያዩታል፡፡ ያነከሰ፣ ያለከለከ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ሲያገኙ ጠመኔ አውጥተው ልብሱ ላይ የእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፉበታል፤ ለልብ ኤች፣ ለዓይን ኢ፣ አእምሮው ለተጠረጠረ ኤክስ፡፡ ምልክት ያለበት ከሰልፉ ይወጣል፡፡ ኮቱን ገልብጦ ለብሶ ያለፈም ነበር ይባላል፡፡ (የሐበሻ ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም!)

ከሁሉ የሚፈራው የዓይን ምርመራ ነበር፡፡ ሐኪሙ የሰውየውን የዓይን ቆብ በጣቱ ወይም በዚያ ዘመን የጫማ ቁልፍ በሚቆለፍባት ቆልማማ ብረት ይገለብጠዋል፡፡ የሚፈልገው ትራኮማን ነው፡፡ በ1891 የወጣው የአሜሪካ ሕግ «አስጸያፊ ወይም አደገኛ ተላላፊ በሽታ» ያለበት ሰው እንዳይገባ ይከለክል ነበር፤ በ1897 ትራኮማ ከነዚህ አንዱ ተብሎ ተመደበ፡፡ የተገኘበት ሰው በመጣበት መርከብ ይመለሳል፡፡ ሚስት አልፋ ባል ይመለሳል፤ እናት አልፋ ልጅ ይቀራል፡፡ የመመለሻው ወጪ የመርከብ ኩባንያው ዕዳ ነበር፤ ከ1903 በኋላ ደግሞ እንዲህ ያለ በሽተኛ ላመጣ ኩባንያ የ100 ዶላር ቅጣት ተጨመረበት፡፡ በዚህ የተነሳ ኩባንያዎቹ ሰዉን ገና ከአውሮፓ ወደቦች ሳይነሳ መመርመር ጀመሩ፡፡ ከ1920ዎቹ አጋማሽ በኋላም ምርመራው በይፋ ወደ ቆንስላዎቹ፣ ማለትም ወደ ስደተኛው አገር ተዛወረ፡፡ ዛሬ የእኛ ሰው 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲው የመረጠው ሐኪም ዘንድ የሚሰለፈው የዚያ ውሳኔ ልጅ ሆኖ ነው፡፡

አሁን ቆም በሉልኝ፡፡ ትራኮማ ማለት የእኛው የዓይን ማዝ ነው፡፡

ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ ያደገ ሰው ስለ ዓይን ማዝ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም፡፡ ልጅ ሆኖ ዓይኑ ላይ ዝንብ ሰፍሮበታል፤ አያቱ ወረንጦዋን ከመቀነቷ ጫፍ ፈትታ ወደ ውስጥ የተቀለበሰውን የዓይን ፀጉሯን ስትነቅል አይቷል፡፡ በሽታው በልጅነት ይጀምርና እየተመላለሰ የዓይን ቆብን ውስጡን ያጠባስሰዋል፤ ጠባሳው ቆቡን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ፀጉሩ ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል፡፡ የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከጠናባቸው አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል፤ ደቡብ ጎንደር ደግሞ ካርተር ሴንተርና ላየንስ ክለቦች ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ሥራ ከጀመሩባቸው ስፍራዎች ነው፡፡ የቆብ ቀዶ ሕክምናው፣ በየቀበሌው የሚታደለው አዚትሮማይሲን፣ ፊት መታጠቡ፣ መጸዳጃ መቆፈሩ ሁሉ የዚያ ዘመቻ ክፍል ነው፡፡ በቁመት መለኪያ እንጨት እየተለካ ሽሮፕ የጠጣ የእኔ ትውልድ ሰው ጣዕሙን አይረሳውም፡፡

እንግዲህ አስቡት፡፡ ያኔ የጋይንት ገበሬ ኤሊስ ደሴት ደርሶ ቢሆን ኖሮ ስንቱ ያልፍ ነበር? ደግሞ የሚገርመው፣ አሜሪካ የአውሮፓን ድኻ በትራኮማ ስትመልስ በሽታው በራሷ በኬንታኪ ተራሮችና በነባሮቹ ሕንዶች መንደር ሞልቶ ነበር፡፡ እዚያ ሐኪም ይልኩለታል፤ በር ላይ ሲያገኙት መርከብ ላይ ይጭኑታል፡፡ ትራኮማ ዛሬ በአሜሪካ የተከለከሉ በሽታዎች ዝርዝር ላይ የለም፡፡ ስለ ዓይን ማዝ ብሎ «ሜዲካል ወደቀ» የሚል ሰውም የለም፡፡ ሹክሹክታው ወደ ሌላ በሽታ ተዛውሯል፡፡

ያ ሌላው በሽታ ኤች አይ ቪ ነው፡፡ ወሬያችን ሁሉ የተቀረጸው በእሱ ዘመን ስለሆነ ቀስ ብዬ ልሂድበት፡፡

በ1987 የሰሜን ካሮላይናው ሴናተር ጄሲ ሄልምስ ኤች አይ ቪ አደገኛ ከሚባሉት ተላላፊ በሽታዎች ጋር እንዲመደብ የሚያዝ ማሻሻያ በኮንግረስ አሳለፉ፡፡ ከዚያ በኋላ ቫይረሱ ያለበት የውጭ አገር ሰው ለመኖር ቀርቶ ለጉብኝት መግባትም ከለከለው፡፡ በ1989 ሐንስ ፖል ቨርሁፍ የሚባል የሆላንድ ሰው ሳን ፍራንሲስኮ ወደሚካሄድ የኤድስ ጉባኤ ሲሄድ ሻንጣው ውስጥ ኤዚቲ የተባለው መድኃኒት ተገኝቶበት ሚኒሶታ ላይ ታሰረ፡፡ መድኃኒቱን የያዘ ተያዘ፤ ያልያዘ አለፈ፡፡ በ1992 ቦስተን ላይ ሊደረግ የነበረው ዓለም አቀፍ የኤድስ ጉባኤ በዚሁ ክልከላ ምክንያት ወደ አምስተርዳም ዞረ፡፡ በ1991 የአሜሪካ ጤና መሥሪያ ቤት ራሱ ቫይረሱን ከዝርዝሩ ላውጣው ብሎ ነበር፤ የተቃውሞ ጎርፍ ወረደበትና ተወው፡፡ በ1993 ኮንግረስ ጭራሽ በሕግ አጸናው፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሰኔ ላይ ፈረሙበት፡፡ በዚያው ወር አንድ የኒውዮርክ ፌዴራል ዳኛ፣ ጓንታናሞ ላይ በአጥር ተከልለው የነበሩ የሄይቲ ስደተኞች እንዲለቀቁ አዘዙ፡፡ እነዚያ ሰዎች የጥገኝነት ማጣሪያውን ያለፉ ነበሩ፤ ያስቀራቸው የደም ውጤታቸው ነው፡፡ ዛሬ ጓንታናሞ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የበሽተኞች እስር ቤት ነበር፡፡

ዲቪ የመጣው እንግዲህ በዚህ መሃል ነው፡፡ የ1990ው ሕግ ወለደው፤ የመጀመሪያው ዕጣ ለ1995 ወጣ፡፡ በዓመት እስከ 55 ሺህ ቪዛ፣ ለአንድ አገር ከመቶ 7 ሳይበልጥ፡፡ ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ ዕጣ ከሚደርሳቸው አገሮች አንዷ ሆና ቆየች፡፡ ዕድሜው 15 እና ከዚያ በላይ የሆነ አመልካች ሁሉ ደግሞ ኤች አይ ቪ መመርመር ግዴታው ነበር፡፡

የዚያን ጊዜዋን ኢትዮጵያ አስታውሱ፡፡ ቫይረሱ አገራችን ውስጥ መኖሩ የታወቀው በ1984 በተወሰደ ደም ነው፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1986 ተመዘገቡ፡፡ በነጻ የሚታደል መድኃኒት የመጣው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው፡፡ በመሃሉ ባሉት ዓመታት አብዛኛው ሰው መድኃኒት ስለሌለው አይመረመርም፤ ተመርምሮ ምን ሊያደርግ! ስለዚህ ለብዙ ወጣት በሕይወቱ የመጀመሪያው የኤች አይ ቪ ምርመራ የዲቪ ምርመራ ሆነ፡፡ ሞትና አሜሪካ በአንድ ፖስታ መጡ ማለት ነው፡፡ ዘመድ አዝማድ ደግሶ፣ በሬ ተሸጦ፣ ብድር ተገብቶ ሰዉ ሁሉ በር በር እያየ ሳለ ነው ልጁ ውጤቱን የሚሰማው፡፡ ተመልሶ ምን ይበል? ምንም ባይልስ ማን ያምነዋል? «ሜዲካል ወደቀ» ማለት «ኤች አይ ቪ አለበት» ማለት የሆነው ያኔ ነው፤ የዚያን ዘመን ሰው ብዙም አልፈርድበትም፡፡

በሕጉ ላይ ይቅርታ የሚባል ቀዳዳ ነበር፡፡ ግን ማን ያልፍበታል? ይቅርታ ለመጠየቅ አሜሪካዊ የሆነ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ፣ ወላጅ ወይም ልጅ ያስፈልጋል፤ በዚያ ላይ ሕክምናው የመንግሥትን ኪስ እንደማይነካ ማሳየት ግድ ነው፡፡ የዲቪ ባለ ዕድል ደግሞ በተፈጥሮው እዚያ ማንም የሌለው ሰው ነው፤ ቢኖረው ኖሮ በዕጣ ምን አስኬደው! ስለዚህ ባሏ ቀድሟት የሄደ ሴት ልትከራከር ስትችል፣ ብቻውን ዕጣ የወጣለት ልጅ ግን የሚያንኳኳው በር አልነበረውም፡፡

ከሁሉ የሚያስቀኝ (ሳቅ ከተባለ) ከ2003 እስከ 2008 ያለው ጊዜ ነው፡፡ በ2003 ፕሬዚዳንት ቡሽ ፔፕፋር የተባለውን የኤድስ ፕሮግራም አወጁ፤ ኢትዮጵያ ትኩረት ከተሰጣቸው አገሮች አንዷ ነበረች፡፡ በአሜሪካ ሕዝብ ገንዘብ የተገዛ መድኃኒት በየሆስፒታላችን ይታደላል፤ ያንኑ መድኃኒት ውጦ የዳነ ሰው ኤምባሲ ሲሄድ አይገባም ይባላል፡፡ አንዱ መሥሪያ ቤት «ትኖራለህ» ሲለው ሌላው «እዚያው ኑር» ይለዋል፡፡ ይህ ነገር ለራሳቸውም ሳያሳፍራቸው አልቀረም፤ በ2008 የፔፕፋር ሕግ ሲታደስ ክልከላው ከሕጉ ወጣ፣ በኅዳር 2009 መጀመሪያ አዲሱ ደንብ ታተመ፣ ከጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ጀምሮ ደግሞ ኤች አይ ቪ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፡፡ የግዴታ ምርመራውም አብሮ ቀረ፡፡

ይህን ዐረፍተ ነገር ደግሜ ብጽፈው ደስ ይለኛል፡፡ ከ2010 ወዲህ ኤች አይ ቪ በደሙ ስላለ ብቻ የአሜሪካን ግሪን ካርድ የሚከለከል ሰው የለም፡፡ በእኛ አቆጣጠር ከታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. ጀምሮ ማለት ነው፤ ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጎረምሳ ሆኗል፡፡ ሕጉ ከሞተ ይኼን ያህል ዘመኑ፤ ወሬው ግን እስካሁን ደህና ነው፡፡

ወሬው ምን ይጎዳል የሚለኝ ሰው ቢኖር ወደ ራሳችን ከተማ እመልሰዋለሁ፡፡ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ንፋስ መውጫ በሕወሓት ታጣቂዎች እጅ በቆየችባቸው ቀናት ምን እንደተፈጸመ አምነስቲ ኢንተርናሽናል በኖቬምበር 2021 ባወጣው ዘገባ ጽፏል፡፡ ያነጋገራቸው 16 ሴቶች ናቸው፤ 14ቱ በቡድን መደፈራቸውን ተናግረዋል፡፡ ሆስፒታሉ ተዘርፎ ስለነበር በወቅቱ ማግኘት የሚገባቸውን ሕክምና አላገኙም፡፡ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ መሆኑን አስቡ፡፡ ከዚያ በኋላ «ደሟ ከታየ ውጭ አገር አትሄድም» የሚል የሞተ ሕግ ወሬ እየሰማች ከምርመራ የምትሸሽ አንዲት ሴት ብትኖር፣ የምታጣው ቪዛ አይደለም፤ መድኃኒቷን ነው፡፡

ከእኛ ወደ ሰሜን ምዕራብ ጎንደር አለች፤ የጎንደር ቤተ እስራኤላውያን ታሪክ ደግሞ ነገሩን በሌላ ጎኑ ያሳያል፡፡ የእስራኤል የመመለስ ሕግ በ1950 ሲወጣ «የሕዝብን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል» ሰውን ሚኒስትሩ ሊከለክል እንደሚችል ይናገራል፡፡ ግን ወረድ ብሎ አንዲት ቆንጆ አንቀጽ አለችው፤ ሰውየው የታመመው አገሪቱ ከገባ በኋላ ከሆነ አደገኛ አይባልም፡፡ በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ተጭኖ ሲሄድ ደም እያየ የመለሰ አልነበረም፡፡ ገቡ፣ ዜጋ ሆኑ፣ ልጆቻቸው ወታደር ሆኑ፣ እንደማንኛውም እስራኤላዊ ወታደር ደም ለገሱ፡፡

በጃንዋሪ 1996 ማዕሪቭ የተባለው ጋዜጣ ጉዱን አወጣው፡፡ ማጌን ዳቪድ አዶም፣ ማለትም የአገሪቱ የደም ባንክ፣ ኤች አይ ቪ ይኖርበታል በሚል ስጋት የኢትዮጵያውያኑን ደም ከእጃቸው እየተቀበለ በድብቅ ሲደፋው ኖሯል፡፡ ለጋሾቹ አልተነገራቸውም፤ ብስኩታቸውን በልተው አመስግነው ሄደዋል፡፡ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ኢየሩሳሌም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ከፖሊስ ጋር ተጋጩ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ፡፡ በቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ፡፡ በአሜሪካ ደምህ ያስቀርሃል፤ በእስራኤል አንተ ገብተህ ደምህ ይቀራል፡፡ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ብባል መልስ የለኝም፤ የሚቆስለው ግን የተለያየ ቦታ ይመስለኛል፡፡

ወደ ዛሬው ዝርዝር እንምጣ፡፡ አሜሪካ ላይ አሁን በስም ተጠቅሰው የሚከለክሉት በሽታዎች ጥቂት ናቸው፤ ሳንባ ላይ የነቃ ቲቢ፣ ያልታከመ ቂጥኝና ጨብጥ፣ የሚተላለፍበት ደረጃ ላይ ያለ የሥጋ ደዌ፡፡ ከነሱ ሌላ በወረርሽኝ ጊዜ የሚታወጁ አሉ፡፡ ሱስና ሌላውን ሰው ለአደጋ የሚያጋልጥ የአእምሮ ሕመምም በሌላ አንቀጽ ይታያሉ፡፡ ልብ ካላችሁ የተጠቀሱት ተላላፊዎች በሙሉ ይድናሉ፡፡ ስለዚህ ትርጉማቸው «አትገባም» አይደለም፤ «ታክመህ ና» ነው፡፡

የእኛን ሰው የሚጥለው ታዲያ ምንድን ነው? የቀን መቁጠሪያ!

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ ከጠናባቸው 30 አገሮች ውስጥ ከሚያስቀምጣቸው ናት፤ ጭስ በሞላበት ጎጆ ከከብትና ከዘመድ ጋር ተፋፍጎ ላደገ ሰው ራጅ ላይ ጠባሳ መገኘቱ ብርቅ አይደለም፡፡ ድሮ ራጅ ታይቶ፣ አክታ በማይክሮስኮፕ ተመርምሮ ያልቅ ነበር፡፡ በ2007 የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል አዲስ መመሪያ አወጣና አክታው ላቦራቶሪ ውስጥ እንዲበቅል አዘዘ፤ ካልቸር የሚሉት ነው፡፡ መመሪያው ለሕክምናው ጥሩ ነው፤ በማይክሮስኮፕ ያመለጠውን ይይዛል፡፡ ግን የቲቢ ባክቴሪያ ሲያድግ ዘገምተኛ ስለሆነ ውጤቱ እስከ 8 ሳምንት ይቆያል፡፡ ከተገኘ ደግሞ መድኃኒቱ ቢያንስ 6 ወር ነው፤ በየቀኑ ጤና ባለሙያ እያየው የሚዋጥ፡፡

በትዳር ወይም በወላጅ በኩል ያመለከተ ሰው ይህን ሁሉ ታክሞ፣ ጸድቶ ይሄዳል፡፡ ስድስት ወር ይናደዳል እንጂ አይቀርም፡፡ ዲቪ ግን በሕጉ የዚያ በጀት ዓመት ዕቃ ነው፤ ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 አካባቢ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ይሞታል፡፡ ይግባኝም ማራዘሚያም የለውም፡፡ ቁጥሩ ራቅ ያለ ባለ ዕድል ቃለ መጠይቁ ሰኔ ላይ ቢደርሰው፣ አክታው ሰኔ ላይ ቢሰጥ፣ ውጤቱ ነሐሴ ላይ ቢመጣ፣ መድኃኒቱን የሚጨርሰው የካቲት ላይ ነው፡፡ ዳነ፤ ዕጣው ግን ሞተ፡፡ ካልቸሩ ነጻ ሆኖ የወረቀት መዘግየት ብቻ የገደለውም አለ፡፡ ቁጥሩ ቀደም ያለው ልጅ በተመሳሳይ ሳንባ ይሄዳል፡፡ ሁለቱም ሰፈር ሲመለሱ ግን አንደኛው «አለፈ»፣ ሌላው «ወደቀ»፡፡

ይህን ያወቀ ሰው ምን ያደርግ ነበር? ዕጣው ግንቦት ላይ እንደወጣ፣ ቃለ መጠይቁን ሳይጠብቅ፣ እዚሁ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሳንባውን ይታይ ነበር፡፡ ቲቢ ካለበት ቀድሞ ይጀምራል፤ የታከመበትን ካርድና የአክታ ውጤቱን ይዞ አዲስ አበባ ይገባል፡፡ የሆነው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፡፡ ሰዉ እንዳይታወቅበት ሳሉን በዝንጅብል ያፍናል፣ ቀድሞ ታክሞ ከሆነም ካርዱን ይደብቃል፡፡ የተደበቀው ካርድ ደግሞ «ይህ ጠባሳ የድሮ ነው» ብሎ ሊመሰክርለት የሚችለው ወረቀቱ ነበር፡፡

ስለ ካናዳ ብዙ አልቆይም፤ ግን አንድ ነገር ይዛ መጥታለች፡፡ ካናዳ ኤች አይ ቪን ከ2002 ጀምሮ በግዴታ ትመረምራለች፤ ቫይረሱን ግን አደገኛ ነው አትለውም፡፡ ውድ ነው ትለዋለች፡፡ የ2002ቱ የስደተኞች ሕግ ሕመሙ በጤና አገልግሎቱ ላይ «ከመጠን ያለፈ ጫና» ያመጣል የተባለን አመልካች ይከለክላል፡፡ ጥገኝነት የተሰጠው ሰው፣ የትዳር ጓደኛና ጥገኛ ልጅ ከዚህ ነጻ ናቸው፡፡ ወላጅ ግን ነጻ አይደለም፡፡ በ2018 ጣሪያው በሦስት እጥፍ ከፍ ተደርጎ በዓመት 19,965 የካናዳ ዶላር ሆነ፤ በዚህም ብዙ ሰው ተረፈ፡፡ ቶሮንቶ ያለው ልጅ እናቱን ለማምጣት ሲሞላ ኩላሊቷ እጥበት የሚፈልግ ከሆነ ግን ሒሳቡ ይከብዳል፡፡ እሷን የሚያስቀራት የሚተላለፍ ነገር አይደለም፤ ደረሰኝ ነው፡፡

ይህ የደረሰኝ ሐሳብ አዲስ እንዳይመስላችሁ፡፡ አሜሪካ በ1882 ባወጣችው ሕግ ላይ «የሕዝብ ሸክም» የሚሆን ሰው አይግባ ተብሎ ተጽፏል፤ ከኤሊስ ደሴትም ከትራኮማም የሚቀድም ሐረግ ነው፡፡ መቶ አርባ ዓመት ሙሉ አንዴ ሲተኛ አንዴ ሲነሳ ኖሯል፡፡ በኖቬምበር 2025 የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለቆንስሎቹ በላከው መመሪያ እንደገና ተነሳ፤ ስኳር፣ የልብ ሕመም፣ ካንሰር፣ የመተንፈሻ ችግር፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ሳይቀር አመልካቹ ሸክም ይሆን እንደሆነ ሲመዘን እንዲታዩ ታዘዘ፡፡ በታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ዲቪ እንዲቆም ተደረገ፡፡ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የቋሚ ነዋሪነት ቪዛ መስጠት ታገደ፤ የተሰጠው ምክንያት ይኸው የ1882ቱ ሐረግ ነው፡፡

ስኳር አይተላለፍም፡፡ ዓይን ተገልብጦ፣ ደም ተቀድቶ፣ አክታ በቅሎ የሚገኝ «አደጋ» የለውም፤ እዚህ ጋይንት ውስጥም በየሰፈሩ ያለ ሕመም ነው፡፡ የቤተሰብ ማመልከቻ የሞላ ልጅ ከ1996ቱ ሕግ ወዲህ ለሚያመጣው ሰው ተያዥ ሆኖ ይፈርማል፤ ገቢው አሜሪካ ድህነት ብላ ካስቀመጠችው መስመር በ25 ከመቶ መብለጥ አለበት፡፡ አባቱ ስኳር ያለበት ከሆነ ከዚህ በኋላ ቆንስሉ ፊት የሚቀርበው የደመወዝ ወረቀት የኢንሱሊኑንም ዋጋ መቻሉን ማሳየት ሊኖርበት ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ የታከመበትን ካርድ ከሣጥን አውጥቶ፣ ስኳሩ በመድኃኒት መያዙን ሐኪሙ በጽሑፍ እንዲያሰፍርለት መጠየቅ ይኖርበታል፡፡